መልአኩ የጀመረው ግርዛት

ከአምባ ጊዮርጊስ ከፍ ብሎ ባለው ደጋ አያ ሰጠኝ ያልገረዘው ወንድ ቢገኝ፣ ወይ ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ ወይ በዕድሜ ከእሱ የሚበልጥ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ወንድ በተወለደበት ቤት ሁሉ በስምንተኛው ቀን ማለዳ ምላጩን ይዞ ገብቷል። ሰው ያከብረዋል። በመንገድ ሲያልፍ ጎረምሶቹ ብድግ ይሉለታል፤ ብድግ ሲሉ ግን ሳያውቁት ጋቢያቸውን ወደ ፊት ሰብሰብ ያደርጋሉ። እሱም ይኸን ስለሚያውቅ «አይዟችሁ፣ እኔ አንድ ሰው ጋ ሁለቴ አልመጣም» እያለ ያልፋል።

ኩራተኛ ነው። ሞያውን አሳምሮ የሚያውቅ ኩራተኛ ስለሆነ ደግሞ የሚቻል አይደለም። ለጥምቀት ጎረምሳው ሲጨፍር ዳር ቆሞ እያየ «ይኸ ሁሉ የእኔ እጅ ነው» ሲል ሚስቱ እናኑ ታፍራለች። «ምነው አንቱ፣ ታቦት ፊት ሌላ የሚያስቡት ነገር አጡ?» ትለዋለች። እሱ ግን የገረዛቸውን መቁጠሩን አይተውም።

እንግዲህ የልጁ የስማቸው ሚስት፣ የትነበርሽ፣ ከአራት ዓመት ጥበቃ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳ ወንድ ልጅ ስትገላገል፣ የአያ ሰጠኝን ደስታ አስቡት። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ነው፣ ወንድ ነው፣ የሚገርዘውም ራሱ አያቱ ነው። የልጁን ስም መዝሙር ብሎ አወጣና፣ በዚያው ቀን አዲስ ምላጭ ገዝቶ ከነወረቀቱ ሙዳዩ ውስጥ አስቀመጠው።

ወሬውን ያመጣችው እናኑ ናት። ሕፃኑን ስታገላብጥ ከሥር በኩል ምንም ሸፈን ያለ ቆዳ እንደሌለው አየች። ደግማ አየች። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው። «ተገርዞ ነው የተወለደ! መልአክ ነው የገረዘው!» አለች። እስከ ማታ ድረስ ወሬው ሁለት ጎጥ አዳርሶ ሦስተኛው ላይ ነበር። ጎረቤቱ እየገባ፣ ጨርቁን ገለጥ እያደረገ፣ እያማተበ ወጣ። ድሀው መዝሙር በተወለደ በሦስት ቀኑ፣ ብዙ ሰው በዕድሜው ሙሉ ከሚታየው በላይ ታየ።

በዚያ ቤት ደስ ያላላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው ራሱ አያ ሰጠኝ ነው። ጎንደር ፒያሳ የገዛውን መነጽር አድርጎ ልጁን በሩ ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ አስተኝቶ ተመለከተው። ከሥር ቆዳው የለም። ከላይ ደግሞ ተትረፍርፎ እንደ ቆብ ተደፍቷል።

«ማነው ይኸን የገረዘው?» አለ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ። «ከታች ጨርሶ ወስዶታል፣ ከላይ እንዳለ ጥሎት ሄዷል። እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ብሠራ አባቴ ምላጬን ይቀማኝ ነበር።»

«ከመልአክ ጋር ሊጣሉ ነው?» አለች እናኑ።

«ምን ያጣላኛል። የጀመረውን እጨርስለታለሁ እንጂ።»

እንዲህ ይበል እንጂ ልቡን አንድ ነገር ነክቶታል። ልጁ ትንሽ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነበር፤ ሽንቱም ሲመጣ ወደ ፊት አልሄደም፣ ተረከዙን ነው ያራሰው። አያ ሰጠኝ እንዲህ ያለውን ከዚህ ቀደም አይቷል። የት እንዳየውም ያውቃል። ቶሎ ብሎ ጨርቁን መለሰበትና ስለ ጌሾ ማውራት ጀመረ።

ሁለተኛዋ የትነበርሽ ናት። ከጤና ጣቢያ ስትወጣ አዋላጇ ኤልሳ እጇን ይዛ፣ «ልጁ ጤነኛ ነው፤ ግን የሽንቱ ቀዳዳ ቦታውን ስቷል። በቀዶ ጥገና ይስተካከላል፣ ጎንደር ውሰጂው። ብቻ እንዳታስገርዢው። ያ ቆዳ ከተቆረጠ ሐኪሞቹ የሚጠግኑበት ያጣሉ» ብላ ወረቀት ጽፋ ሰጥታታለች። ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሳምንቱን ሙሉ ይዛዋለች። ግን ለማን ትንገር? እሷ ምራት ናት። አራት ዓመት በዚያ ቤት ስትኖር ከአማቷ ጋር «እንደምን አደሩ» እና «እሺ» ከሚሉት በቀር የተነጋገሩት የለም፤ ያንኑም አንገቷን ደፍታ ነው። አሁን ተነሥታ ስለ ወንድ ልጅ ብልት፣ ለዚያውም ለገራዡ፣ ለዚያውም በሞያው ልትመክረው ነው?

ለባሏ ነገረችው። ስማቸው «እኔ እነግረዋለሁ፣ አንቺ አታስቢ» አለ። ማክሰኞ ሊነግረው ሄዶ በሬ አጠጥቶ ተመለሰ። ረቡዕ ሊነግረው ሄዶ እንጨት ፈለጠ። ሐሙስም እንዲሁ። በዚያ ሳምንት የአያ ሰጠኝ ቤት እንጨት ለክረምት የሚበቃ ሆነ፤ የተነገረ ነገር ግን አልነበረም።

ስምንተኛው ቀን ደረሰ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ጠላው ተቀዳ። አያ ሰጠኝ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ እጁን ታጠበ። ቅቤው በስኒ ቀረበለት። ምላጩን ከወረቀቱ አወጣ። ልጁን ስማቸው ታቅፎ ከፊቱ ተቀመጠ፤ ፊቱ ከልጁ ፊት ይልቅ የሚያለቅስ ይመስል ነበር።

አያ ሰጠኝ እጁን ዘረጋ። ያን ጊዜ አራሷ ከመጋረጃዋ ወጣች። አራስ በሰው ፊት እንዲህ አትወጣም። የትነበርሽ ግን ወጣች፣ ሕፃኑን ከባሏ ጭን ላይ አነሣችው፣ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆመች።

«አይነካም» አለች።

አያ ሰጠኝ ምራቱን አላያትም፤ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ምን አለች?»

«አይነካም አለች» አለች እናኑ፣ እሷም እንደ ደነገጠች።

«ምነው በያት።»

«ምነው ይላሉ።»

የትነበርሽ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ወረቀቱን ለእናኑ ዘረጋችላት። «አዋላጇ ብላለች በይልኝ። መልአክ አይደለም የገረዘው። አፈጣጠሩ ነው፤ ሽንቱ የሚወጣው በቦታው አይደለም። ጎንደር ያስተካክሉታል። ይኸ የተረፈው ቆዳ ከተቆረጠ ግን ልጄ እንዲህ ሆኖ ይቀራል። እንደ ወንድ ቆሞ አይሸናም። ሲያድግም ልጅ መውለድ ይቸግረው ይሆናል።»

ሁሉም ምን እንደሚመጣ ሲጠብቅ መዝሙር ራሱ ፍርዱን ሰጠ። እናቱ ክንድ ላይ እንዳለ ሸና። ሽንቱ ከጫፉ አልወጣም። ከሥር፣ ከመሃሉ ነው የወጣው፤ ወደ ታች ወርዶ የእናቱን የእጅ አንጓ አራሰ። ያየ ሁሉ አየ። ያላየውም ከጎኑ ያለው ነገረው።

በአያ ሰጠኝ ልብ ትልቅ ክርክር ነበር፤ አርባ ዓመት አንድ ቀን ያልተመለሰ ምላጭ በሰው ሁሉ ፊት፣ በምራት ቃል ሊመለስ ነው። ግን ያ የሚያባርረው ትዝታ እንደገና መጥቶ ፊቱ ቆመ። ምላጩን ወደ ወረቀቱ መለሰ፣ ወረቀቱን ወደ ኪሱ።

«እንግዲህ ጎንደር እንሄዳለን» አለ። «ከዶክተሩ አፍ ልስማው። ውሸት ሆኖ ከተገኘ እዚያው ቆርጬው እመለሳለሁ።»

አገሩ የሚያወራው አገኘ። የገራዡ የልጅ ልጅ ሳይገረዝ ቀረ ተባለ። ጠላ ቤት ጎረምሶቹ «አያ ሰጠኝ፣ ለእኛም ያኔ እንዲህ ቢያስቡልን ምን ነበረበት?» ይሉት ጀመር። ክርስትናው በአርባ ቀን ሲደርስ አያ ሰጠኝ፣ አልተገረዘም ብለው ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ይመልሱኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። ቄሱ ግን «ጥምቀት ከግዝረት ይበልጣል፣ አምጡት» አሉ። እንዲያውም ልጁን ከውኃው ሲያወጡት እሳቸውንም አራሳቸው።

ከክርስትናው በኋላ አራቱ፣ ማለትም አያ ሰጠኝ፣ ስማቸው፣ የትነበርሽና መዝሙር፣ በሚኒባስ ጎንደር ወረዱ። ከፒያሳ ባጃጅ ይዘው ሆስፒታሉ ደረሱ። አያ ሰጠኝ በመንገዱ ሁሉ ለዶክተሩ የሚለውን ሲያዘጋጅ ነበር፤ ሞያተኛ ከሞያተኛ ጋር እንደሚነጋገር ሆኖ። የክፍሉ በር ሲከፈት አንዲት አጠር ያለች፣ ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት ተቀምጣ አገኙ።

«ዶክተሩ የት ሄዶ ነው?» አላት።

«እኔ ነኝ አባቴ። ዶክተር ሰርካለም እባላለሁ።»

አያ ሰጠኝ ወደ ስማቸው ጆሮ ጠጋ ብሎ «ሴት ናት እኮ» አለው፣ ኮሪደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

«ወንድን የምትወልደው ሴት ናት» አለች ዶክተር ሰርካለም ጓንቷን እያጠለቀች። «ብትጠግነው ምን ይገርማል?»

አያ ሰጠኝ መዝሙርን ከስማቸው ተቀብሎ አልጋው ላይ አስተኛላት።

ልጁን መረመረችውና ጠራቻቸው። እያሳየች ነው የነገረቻቸው። የሽንት ቱቦው ልጁ ማሕፀን ሳለ እስከ ጫፉ ሳይደርስ መሃል ላይ ቀርቷል። የማንም ጥፋት አይደለም፣ ርግማንም አይደለም። ከጥቂት መቶ ወንዶች አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ጎባጣውን ታቃናለች፣ ቱቦውን እስከ ጫፉ ታደርሳለች። «እናንተ መልአክ የተወው የምትሉት ይኸ ከላይ ያለው ቆዳ» አለች፣ «ልብስ ሰፊ ለመጠገኛ እንደሚያስቀምጠው ቁራጭ ነው። እኔ የምሠራው በእሱ ነው። ዓመት ካለፈው በኋላ አምጡት። እስከዚያ ማንም ምላጭ እንዳያስጠጋበት።»

አያ ሰጠኝ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ምላጩ ከነወረቀቱ እዚያው ነበር። «ማን ያስጠጋል» አለ።

«እርስዎ ሥራዎ ምንድን ነው አባቴ?»

«ገራዥ ነው» አለ ስማቸው ቀድሞ።

ዶክተሯ በአክብሮት ቀና ብላ አየችው። «ስንት ዓመት?»

«አርባ።»

«በአርባ ዓመት እንግዲህ እንዲህ ያለ ሳያጋጥምዎት አይቀርም።»

«አላየሁም» አለ አያ ሰጠኝ።

የትነበርሽ አንገቷን እንደ ደፋች ዓይኗን ብቻ አነሣች። እሷም የዚያ አገር ልጅ ናት።

ዓመቱ አያ ሰጠኝን ሌላ ሰው አደረገው። ገራዥ የነበረው ዘበኛ ሆነ። አንዷ አክስት መጥታ «እንዲህ ሆኖማ ነውር ነው፣ ጫፉን ብቻ ነካ ያድርጉለት» ብትለው፣ «ቁራጩን ከነካሽብኝ በምን ልንሰፋው ነው?» ብሎ ጮኸባት። ሌላ ቤት ለግርዛት ሲጠሩትም መነጽሩን ሳያደርግ፣ ሕፃኑ ሲሸና ሳያይ ምላጭ አያወጣም። አንድ ጊዜ የአንድ ሕፃን ሽንት እስኪመጣ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ጠበቀ፤ በመጨረሻ ባለቤቶቹ ምሳም አበሉት።

መዝሙር ዓመት ከሁለት ወር ሲሆነው፣ ጥር ላይ፣ ቀጠሮው ደረሰ። ልጁን በማደንዘዣ አስተኝተው ወሰዱት። በሩ ተዘጋ። ስንት መቶ ወንድ ልጅ ያስለቀሰው አያ ሰጠኝ የአንዱን ልጅ ዝም ማለት አልቻለውም። ኮሪደሩን ከዳር ዳር ይመላለስ ጀመር። ስማቸው መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ ነበር።

«አባቴ፣ ይቀመጡ» አለች የትነበርሽ፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላለት።

አማትና ምራት ጎን ለጎን አይቀመጡም። አያ ሰጠኝ ግራ ቀኝ አየና ተቀመጠ።

«ዶክተሯ ስትጠይቅዎ አላየሁም አሉ» አለች የትነበርሽ፣ በቀስታ።

«ብያለሁ።»

«ዕንባቆምስ?»

ይኸን ስም እሱ ለራሱ እንኳ ጠርቶት አያውቅም። አሁን ግን እዚያ አግዳሚ ላይ ለምራቱ አንድ ባንድ ነገራት። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የይርገዱ ልጅ ዕንባቆም ሲወለድ ልክ እንደ መዝሙር ነበር። ከላይ ቆብ፣ ከታች ባዶ። ያኔም መልአክ ጀመረው ተባለ። እሱም የቀረውን ቆረጠ። «ግማሹን መልአክ፣ ግማሹን ሰጠኝ ገረዘው» ተብሎ ተሞገሰ፤ ሙገሳውንም ወደደው። ልጁ ሲያድግ ግን በሥራ መሃል ወንዶቹ ሁሉ እርሻው ዳር ተሰልፈው ሲቆሙ፣ ዕንባቆም ብቻውን ከቁጥቋጦ ጀርባ ሄዶ ቁጢጥ ይላል። በጉልበት ከአገሩ አንደኛ ነው፤ ሁለቴ ሚስት ቢያጩለት ሁለቴም እምቢ ብሏል።

«እንዲያ አድርጌ የፈጠርሁት እኔ አይደለሁም፣ አውቃለሁ» አለ አያ ሰጠኝ። «የሚጠገንበትን ወስጄ የጣልሁት ግን እኔ ነኝ። ያኔ አላውቅም ነበር። ካወቅሁ ደግሞ ዓመት አለፈኝ፣ ያው ዝም ብያለሁ። አፍሬ ነው የትነበርሽ። ይኸው ነው።»

ስሟን ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። የትነበርሽ ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ቆርሳ ሰጠችው፤ እሱም ተቀብሎ በላ።

ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ዶክተር ሰርካለም ወጣች። «ሸጋ ሆኗል» አለች፣ በእነሱ አነጋገር። ልጁ ለአንድ ሳምንት ሽንቱ የሚወጣበት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይኖረዋል፤ ቱቦው ሲወጣ ውጤቱ ይታያል። ያን ሳምንት ልጁን ማባበል፣ ማቀፍ፣ ቱቦውን እንዳይጎትት መጠበቅ ነበር ሥራው። አያ ሰጠኝ የልጁን ሁለት እጆች እንደ ያዘ ተረት ሲያወራ ዋለ፤ ያለቀበት ጊዜ የአገሩን የወገራን ቄሶች ማማት ጀመረ።

ቱቦው የወጣው በስምንተኛው ቀን ነው። ዶክተሯ፣ ነርሷ፣ እናትና አባት፣ አያት፣ ሁሉም አልጋውን ከበው ቆሙ። መዝሙር ውኃ ጠጣ። ከዚያ ወተት። ከዚያ እንደገና ውኃ። አልጋው ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ሰዉን አንድ ባንድ ተመለከተ፣ ምን እንደሚፈልጉበት ግራ ገብቶት። የትነበርሽ ከንፈሯን ነክሳ ቀረች።

መጣ። ከጫፉ ነው የመጣው። ወደ ፊት ሄደ፣ ከአልጋው አለፈ፣ የአያ ሰጠኝን ጋቢ ከደረቱ ላይ አገኘው። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። አያ ሰጠኝም አልሸሸም። እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ተቀበለው።

«ለካ የልጄ ስምንተኛ ቀን ዛሬ ኖሯል» አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። ከዚያ ጋቢውን ሳይጠርግ ወደ ዶክተሯ ዞረ። «ዶክተር፣ ያን ጊዜ አላየሁም ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። አይቻለሁ። ቆርጬበታለሁም። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።»

ዶክተር ሰርካለም አልተቆጣችም። «ያምጡት» አለች። «አልመሸም። ቆዳው ባይኖርም ከሌላ ቦታ እንወስዳለን። ከከንፈሩ ከውስጥ በኩል።»

«ከከንፈሩ?» አያ ሰጠኝ የራሱን ከንፈር ጨበጠ። አርባ ዓመት በሞያው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። «ታዲያ ከእኔ ውሰጂ። እኔ ምን እሠራበታለሁ፣ አወራበት እንደሆነ እንጂ።»

«የራሱ ነው የሚሆነው አባቴ። የእርስዎ ለወሬው ይቆይልን። ሁለት ጊዜ መሠራት ይኖርበታል፣ በስድስት ወር ልዩነት። ብቻ እሱ ይምጣ።»

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ለዕንባቆም ማን ይንገረው? በማግሥቱ አገሩ ሲገባ አያ ሰጠኝ ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ ዕንባቆም ገብስ ወደሚያበራይበት አውድማ ወጣ። ዕንባቆም መንሹን ይዞ ብቻውን ነበር። አያ ሰጠኝ በመንገድ ያዘጋጀውን መግቢያ ሁሉ ረሳውና እንዲያው ዝርግፍ አደረገው። ከአፈጣጠሩ ጀምሮ፣ ቆዳው ምን እንደ ነበር፣ ማን እንደ ቆረጠው፣ ማን ሲሞገስበት እንደ ኖረ ነገረው። ጎንደር ያለችውን ዶክተር ነገረው። «በዚህ መንሽ ብትለኝ ይገባኛል» አለና ቆመ።

ዕንባቆም መንሹን አላነሣም። ገለባው ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ነው፣ ሲቀመጥም ትልቅ ነው። «ለእናቴ ይንገሩልኝ» አለ። «በእኔ ኃጢአት ነው እያለች ነው የኖረችው። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይንገሩ።»

አያ ሰጠኝ ከዱላ የከፋውን አገኘ። ከአውድማው በቀጥታ ይርገዱ ቤት ገባ። አሮጊቷ ምስር እየለቀመች ነበር። እንደ ጀመረው እስኪጨርሰው ድረስ እጇ ሰፌዱ ላይ እንደ ቆመ ሰማችው። መቼ እንደምትረግመው ሲጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ይድናል ነው የምትለኝ?»

«ይድናል።»

«እንግዲያስ ምን ተቀምጠህ ታወራኛለህ?» ብላ ሰፌዱን ወዲያ አድርጋ ተነሣች። የልጇን ንጹሕ ሸሚዝ ከግድግዳው ላይ ስታወርድ ታለቅስ ነበር፤ እያለቀሰችም ትስቅ ነበር። አያ ሰጠኝ እግሯ ላይ ሊወድቅ ቢል፣ «ኋላ ትወድቃለህ፣ አሁን መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ንገረኝ» አለችው።

ዕንባቆም በየካቲት አንድ ጊዜ፣ በጳጉሜን ሌላ ጊዜ ጎንደር ወረደ። ሁለቱንም ጊዜ አስታማሚው አያ ሰጠኝ ነበር። ከንፈሩ አብጦ መናገር ባቃተው ሰሞን ለሁለቱም የሚያወራው አያ ሰጠኝ ስለ ነበር፣ ዕንባቆም ቀዶ ጥገናው ሳይሆን እሱ እንደ ከበደው ኋላ ተናግሯል።

የአዲሱ ዓመት አጨዳ ታኅሣሥ ላይ ነበር፣ በአያ ሰጠኝ እርሻ፣ በደቦ። ረፋድ ላይ ሥራው ጋብ ሲል ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው እርሻው ዳር ባለው ገደል አፋፍ ላይ ለሽንት ተሰለፉ። ቁጥቋጦዋ እንደ ወትሮው ለዕንባቆም ተተወችለት፤ ማንም ሳይነግረው ሁሉም ያውቀዋል። ዕንባቆም ማጭዱን አስቀመጠ። ወደ ቁጥቋጦዋ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ከሰልፉ ዳር፣ ከአያ ሰጠኝ ጎን ቆመ።

የወገራ ሰው ወሬ ይወዳል፣ ዝም የሚባልበትን ግን ያውቃል። ሁሉም ከሸለቆው ማዶ የሚታይ ትልቅ ጉዳይ ያለ ይመስል ፊት ለፊት አየ። ዕንባቆም ቆሞ ሸና። ረጅም ጊዜ ነው የሸናው፤ የሃያ ስድስት ዓመት ነበረበት። መዝሙርም ሱሪውን ወደ ቁርጭምጭሚቱ አውርዶ በሁለቱ መሃል ሾልኮ ገባ፣ የድርሻውን አድርሶ፣ ማንንም ሳይጠብቅ ወደ እናቱ ሮጠ።

ዕንባቆምም ጨረሰ። አያ ሰጠኝ ግን ዕድሜ ነውና እንደ ቆመ ቀረ። የሚጠብቀው አልመጣም። ዕንባቆም ወደ እሱ ዘወር ብሎ ትንሽ አየውና፣ ያ ዝምተኛ ዕንባቆም፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለው፦

«አያ ሰጠኝ፣ ምነው ቆዩ? ጎንደር ልውሰድዎት?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አያ ሰጠኝም ሳቀ፣ ጎኑን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ያንን ሰው ሲቀልድ ሲሰማው ይኸ የመጀመሪያው ነበር። በሳቁ ምክንያት ሽንቱ ጨርሶ እምቢ ብሎት፣ ሌሎቹ ወደ አጨዳቸው ሲመለሱ እሱ እዚያው አፋፉ ላይ ቆሞ ቀረ።